ኳሱ ፀጉር ቤት አይደርስም

የጌም ቤቱ ልጆች አድናቂያቸው እንደነበርኩ ብነግራቸው የሚያምኑኝ አይመስለኝም። አይፈረድባቸውም፤ አንድም ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አላዩኝም። ጆይስቲክ ነክቼ አላውቅም፤ የትኛው ቁልፍ ኳስ እንደሚመታ፣ የትኛው እንደሚያቀብል ብጠየቅ ዓይኔን ነው የማፈጠው። እኔ የምሰማ ሰው ነበርኩ። ለዓመታት፣ ቆሜ፣ እጄ ሰው ፀጉር ውስጥ ሆኖ፣ ሰማሁ። አሁን ሳስበው እንኳ እግሬን ይደክመኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢቸና ላይ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ፀጉር ቤት ተከራይቼ እሠራ ነበር። ሚሌኒየሙ ሊገባ አካባቢ አከራዬ፣ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ፣ ቤቱን በኮምፔርሳቶ ለሁለት ከፈሉና ወዲያኛውን ክፍል ለጌም ቤት አከራዩት። ኮምፔርሳቶው ደግሞ ጣሪያ አይደርስም። በቃ ጉድ ፈላ! የእነሱ ጩኸት በላይ በኩል ወደኔ ይመጣል፣ ፀጉር የማደርቅበት የካስክ ጩኸት ወደነሱ ይሄዳል። ሳንፈቅድ አንድ ቤት ሆንን።

የሚጫወቱት የኳስ ጌም ነው። ማሽኑ ራሱ ያወራል፤ የሚያወራው ግን በፈረንጅኛ ስለሆነ ድምፁን ያጠፉትና ከመካከላቸው አንዱ ጨዋታውን በአማርኛ ያስተላልፋል። አስተላላፊው ነው የምለው፤ ስሙ ምን ያደርግላችኋል። ጆይስቲክ ሲይዝ ሕፃን ያሸንፈዋል፤ አፉን ሲከፍት ግን የሚችለው አልነበረም። ቤቱን የሚሞላው ሊጫወት የመጣ እንዳይመስላችሁ። የሚኒባስ ረዳቱ፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ከደብረ ወርቅ ለገበያ ወጥቶ መኪና ያመለጠው ሁሉ እሱን ለመስማት ነበር አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ የሚውለው።

እንደ ሬዲዮዎቹ አያስተላልፍም ነበር። የእሱ ሜዳ ቢቸና ነው። «ይዞ ተነሳ፣ ከመናኸሪያው ወጣ፣ ረዳቶቹ ሊይዙት ነው፣ የለም አለፋቸው! ሥጋ ቤቱ ጋ ደረሰ፣ ቆም አለ፣ አየ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ታጠፈ፣ ዱቄት ለብሶ ወጣ ሰውዬው! ገበያውን ሰነጠቀው፣ የሽንኩርት መደብ ዘለለ፣ ኧረ ባለሽንኩርቷ ተቆጡ…» ስክሪኑን ሳላይ ኳሱ የት እንዳለ የማውቀው ለዚህ ነው። የማላውቀው መንገድ አልነበረማ።

መጀመሪያ ግን አንገሽግሾኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ ቆሜ፣ ራሴን እያመመኝ፣ የሙሽራ ፀጉር እሠራለሁ። እነሱ ግብ ገባ ብለው ቤቱን አናጉት። እጄ ላይ የነበረውን ባለ እንጨት እጀታ ብሩሽ አነሳሁና ኮምፔርሳቶውን ደለቅኩት። «ኧረ ዝም በሉ! እዚህ ሰው የለም?» ጸጥ አሉ። ጥቂት ቆይቶ የአስተላላፊው ድምፅ መጣ። «ግድግዳው አጸደቀው! ግቡ ጸድቋል!»

ሙሽራዋ ካስክ ውስጥ ሆና በሳቅ ፍርስ አለች። ሚዜዎቹም። እኔም ንዴቴን ይዤ ልቆይ ብል አቃተኝ፤ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግብ ሲገባ አስተላላፊው ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሆነ፤ እኔም አልጨክንም፣ በብሩሼ ኳ ኳ አደርግለታለሁ። ደንብ ሆኖ አረፈው። ግድግዳው ያላንኳኳበት ግብ አይቆጠርም። ጨዋታው ጥሩ ቦታ ላይ ከደረሰ ካስኩን አጠፋለሁ። ደንበኞቼ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ቆይተው ደግሞ «እስቲ አንዴ ዝም በይ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሷል» ይሉኝ ጀመር።

የምወደው ግን መብራት የሚሄድበትን ቀን ነበር። የሚመራው «አሸንፌያለሁ» ይላል፣ የተመራው «ገና ሰዓት ነበረ» ይላል፣ ሊቧቀሱ ይደርሳሉ። አስተላላፊው «ቁጭ በሉ፣ አላለቀም» ይልና በጨለመ ስክሪን ላይ የቀረውን ጨዋታ በአፉ ይጨርሰዋል። ለማንም አያዳላም። ኳሱን ከመናኸሪያ አስነስቶ፣ እያንከራተተ፣ ግቡ አፍ ላይ ያደርስና ድምፁን ያጠፋል። ያኔ ሁሉም የሚጠብቀው እኔን ነው። ካንኳኳሁ ገባ፣ ዝም ካልኩ ወጣ። ማንም ይግባኝ አይልም። እነዚያን ሁሉ ጎረምሶች ትንፋሻቸውን አስውጬ፣ ብሩሼን አንስቼ የማስብባት ቅጽበት፣ እግዜር ያውቃል፣ ከሥራዬ ሁሉ ያላገኘሁትን ክብር ታሰማኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ነገር ውስጤን ይበላኝ ነበር። ያ ልጅ በየቀኑ ከተማውን ሲጠራ ሥጋ ቤቱን ይጠራል፣ ወፍጮ ቤቱን ይጠራል፣ የጫማ ሰፊውን ጥላ ሳይቀር ይጠራል። የኔን ፀጉር ቤት አንድም ቀን ጠርቶት አያውቅም። ጀርባ ለጀርባ ነን እኮ! ኳሱ ዞሮ ዞሮ የቤቴ በር ላይ ሊደርስ ሲል ወይ ግብ ይሆናል ወይ ይወጣል። ጠዋት በር ስንከፍት «እንደምን አደርሽ እታለም» ይለኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ፣ ከዚያ ያለፈ ንግግር የለንም። እንዴት ብዬ ልጠይቀው? ትልቅ ሴት ሄጄ «ቤቴን ጥራልኝ» ልበል? ውስጥ ውስጡን ግን፣ ከነሱ ጋር የተቆጠርኩ ሰው ነኝ ወይስ ኮምፔርሳቶ ነኝ፣ እያልኩ እብሰለሰል ነበር። ለሰው ቢነግሩት ያስቃል። እኔን አላሳቀኝም።

ከዓመታት በኋላ አስተላላፊው ሞጣ ላይ የራሱን ጌም ቤት ከፈተ። የወዲያኛው ክፍል የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ። ሲሚንቶ አያወራም። እኔም ካስኩን በፈለግኩት ሰዓት አበራለሁ፣ የሚከለክለኝ የለም። እንዲህ ያለ ጸጥታ ያደክማል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስልክ ሲስፋፋ የድሮዎቹ የጌም ቤት ልጆች ስልክ ላይ ግሩፕ ከፈቱ። ረዳቱ፣ አሁን ሹፌር ሆኗል፣ እኔንም አስገባኝ። አስተላላፊው ከሞጣ ጨዋታ እየቀዳ በቮይስ ይልካል። መጀመሪያ ሰሞን ሞቅ ያለ ነበር፤ አረብ አገር ያለው ይመልሳል፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው ይሳደባል፣ አስተማሪው ያርማል። ኔትወርክ ፍለጋ ደጅ ወጥቼ ስልኬን ወደ ሰማይ የማነሳ ሴት ሆኜ አረፍኩት። ግን ሜዳው ሞጣ ሆኗል። ኳሱ የማላውቀው ሆቴል ጋ ይታጠፋል፣ የማላውቀው መስጊድ ጋ ይደርሳል፣ እኔ ጠፍቼ እቀራለሁ። ግብ ሲገባም የማንኳኳበት የለኝ፤ የአውራ ጣት ሥዕል እልካለሁ። አውራ ጣት ድምፅ የለው።

እንደዚህ እንደዚህ እያለ ግሩፑ ከሳ። አንዱ አገባ፣ አንዱ ስልክ ለወጠ፣ አንዱ ዝም ብሎ ጠፋ። የቀረው በዓል ሲደርስ ብቻ የአበባ ሥዕል ይለጥፋል። ቮይሶቹን እስከ መጨረሻው የምሰማ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እኔም ብሆን ደክሞኛል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ፣ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ የማላውቀውን ከተማ ስሰማ አንዳንዴ እንቅልፍ ይጥለኛል።

በአንዱ ሳምንት አጭር ቮይስ መጣ። ድምፁ ሻክሯል። «ጉሮሮዬ እምቢ ብሏል። አዲሶቹ ልጆችም የማሽኑን ፈረንጅ ነው መስማት የሚፈልጉት። ቅዳሜ አንድ አስተላልፍና ይበቃኛል» አለ። ማንም አልመለሰለትም። 

ቅዳሜ የኔ የገበያ ቀን ነው፤ ዘግቼ አላውቅም። ዘጋሁ። ሞጣ የፀጉር ዕቃ በዓይነት በዓይነቱ አለ አሉ፣ እሱን ልግዛ ብዬ ራሴን አታለልኩና በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጉንደ ወይን ስንደርስ ወገቤ አለቀ። በዚህ ዕድሜዬ ለጌም ብዬ መንገላታቴን ደንበኞቼ ቢሰሙ፣ አብዳለች ነው የሚሉት።

ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። በብሎኬት የተሠራ፣ ሰፊ፣ ግድግዳው ላይ ትልልቅ ስክሪን የተሰቀለበት ነው። ልጆቹ ፈረንጁን ከፍተው ይጫወታሉ። እሱ ጥግ ላይ ካለች ስክሪን ፊት ለፊት፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ስልኩን አፉ ላይ አስጠግቶ ያስተላልፋል። የሙያ ነገር ሆኖ መጀመሪያ ያየሁት ፀጉሩን ነው፤ ሸሽቷል። ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ጨዋታውን በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ይኼው ነው እንዴ? ያ ሁሉ ገበያ፣ ያ ሁሉ ወፍጮ ቤት፣ አረንጓዴ ላይ የሚሯሯጡ ጥቃቅን ሰዎች ናቸው?

ግብ ገባ። በሻከረ ድምፁ «ገባ!» አለና እንደ ድሮው ዝም አለ። ልማድ ነው እንጂ ማንን ይጠብቃል? ከልጆቹ ቀና ያለ አልነበረም። ቦርሳዬ ውስጥ ያንን ብሩሽ ይዤ ነበር። አግዳሚውን ኳ ኳ አደረግኩት።

አልዞረም። ስልኩን እንደያዘ «ግድግዳው…» አለ። «ግድግዳው አጸደቀው።» ከዚያ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል።

ደጅ አውጥቶ ወንበር ሰጠኝ፣ ለስላሳ ከፈተልኝ።

«እታለም፣ ከቢቸና ድረስ?»

«ዕቃ ልገዛ መጥቼ ነው» አልኩት። ለስላሳውን ጎንጨት አልኩና «የመጀመሪያዋን ቀን እኮ ዝም እንድትሉ ነበር የመታሁት።»

«አውቃለሁ» አለና ሳቀ። «ስድብሽ በላይ በኩል ደርሶናል። ምን ላድርግ፣ እነዚያ ዓይናቸው ስክሪን ላይ ነው። እኔን የመለሰልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ያኔ ከአፌ አመለጠኝ። ትልቅ ሴትነቴ የት እንደገባ እንጃ። «ታዲያ ለምንድነው አንድ ቀን እንኳ ቤቴን ያልጠራኸው? ጫማ ሰፊውን እየጠራህ!»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ቴሌቪዥኑ እኮ የተቀመጠው ያንቺ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነው። ቀኑን ሙሉ ፊቴ ወዳንቺ ነበር። ኳሱ ከመናኸሪያ ተነስቶ የሚመጣው ወዴት ይመስልሻል? ግቡ አንቺ ቤት ነው። የምጠራው መንገዱን ነው እታለም፣ የምሄድበትንማ እንዴት ልጥራው?»

 ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም፤ ይህን ሁሉ ዓመት!

«ብትጠራው ግን ምን ነበረበት?» አልኩት።

 ተነስቶ ገባና ልጆቹን «ለአንድ ጨዋታ ፈረንጁን አጥፉልኝ፣ በሞቴ» አላቸው። እያጉረመረሙ አጠፉት። ተከትዬው ገባሁና አግዳሚው ላይ፣ በልጆቹ መሀል ተቀመጥኩ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይዞ ተነሳ፣ ከቢቸና መናኸሪያ ወጣ፣ ረዳቶቹን አለፈ፣ ሥጋ ቤቱ ጋ ደረሰ፣ በወፍጮ ቤቱ ታጠፈ…» ድምፁ እየተቆራረጠ ነው፣ እሱ ግን አላቆመም። «ገበያውን ሰነጠቀ፣ ሽቅብ ወጣ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ደረሰ! በሩ ክፍት ነው፣ ካስኩ ጠፍቷል፣ ሴትየዋ ቆማለች…»

አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ወደኔ ዘንበል አለ። «የት አገር ነው ይሄ? የማን ፀጉር ቤት ነው?»

«የኔ ነው» አልኩትና ብሩሼን አነሳሁ።