በቀይ ቀለም የጻፍኩት ስም

ባለፈው ሐሙስ ዓይኔን ለመታየት ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሄጄ ስመለስ፣ የልጅ ልጄ ማስተዋል አንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር አቆመችኝ። የሥራ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ወጣቶቹ እየተጋፉ በስልካቸው ፎቶ ያነሡታል። እሷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። "አንዴ ላንብበው አባባ" ብላ ግፊያው ውስጥ ገባች። እኔ ከአጥሩ ተደግፌ ቆሜ፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ የጠበቅሁት ማስታወቂያ ትዝ አለኝ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤታችን ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ብርዱ ከገብስና ከድንች ሌላ ብዙም የማያስበቅልበት አገር ነው። አባቴ ሞቷል፤ መሬታችን ጠባብ ናት። ለእኔ የቀረልኝ እንደ መንደሩ ጎረምሳ ሁሉ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ማረም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ወርዶ፣ ወባ በልቶት እዚያው ቀርቷል። እናቴ "አንተም የምትወርድ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ቅበር" ትለኝ ነበር።

እንዲህ ሳለን ከገበያ የተመለሰ ጎረቤት፣ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ጸሐፊዎች እንደሚፈልግ ነገረን። ማስታወቂያው ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ፣ የእጅ ጽሑፉም ያማረ ይላል አለ፤ የኃላፊውንም ስም ነገረኝ። እኔ የአስኳላ ደጃፍ አልረገጥኩም። የኔታ ዘንድ ግን ዳዊት ደግሜ፣ አራት ዓመት ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ፣ ጽሕፈት ተምሬአለሁ። ስምንተኛውን ባጣ የጽሑፌን ማማር ያዩልኛል ብዬ ተነሣሁ። ሰው ሲቸግረው ከተጠየቀው ሁለት ነገር አንዱን ይዞ ይሄዳል።

ማመልከቻውን በሸምበቆ ብርዕ ሁለት ቀን ሙሉ ጻፍኩት። የኃላፊው ስም ላይ ስደርስ ጥቁሩን ቀለም አስቀምጬ ቀዩን አነሣሁ። እኛ በተማርንበት ወግ የቅዱሳን ስም በቀይ ነው የሚጻፈው፤ ሥራ የሚሰጠኝን ሰው ከዚያ በላይ በምን እንደማከብረው አላውቅም ነበር። የኔታም አይተው "ምን አለበት፣ ሹም አይደል?" አሉና፣ ዝናብ እንዳይነካው የዳዊታቸውን የቆዳ ማኅደር አዋሱኝ።

ሰኔ ነበር፤ ማርቆስ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የጮቄ ካፊያ ፊት ይገርፋል፤ ጭቃው እስከ ባት ይውጣል። የቋጠርኩት ቆሎ እንኳ ርሶ ጥርሴ ላይ ይለጠፍ ነበር። ማኅደሩ ግን ብብቴ ውስጥ ደረቅ ነው።

ኃላፊው ኮት የለበሰ፣ ገና ጎልማሳ ሰው ነው። ወረቀቱን ገልጦ ግንባሩን ቋጠረ።

"ይህን ያረመው ማነው?"

"ማንም አላረመውም ጌታዬ።"

"ታዲያ ስሜ ምን አጥፍቶ ነው እንደ ወደቀ ተማሪ ነጥብ በቀይ የተጻፈው?"

"ለክብር ነው ጌታዬ። የቅዱሳን ስም በቀይ ነው የሚጻፍ።"

ታይፒስቷ ከጥግ ሳቋን ለቀቀችው። "እሰይ ጋሼ፣ ጻድቅ አደረገዎት እኮ! ከእንግዲህ በየወሩ ልንዘክርዎት ነው!"

እሱም ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቅርቦ ብዙ ቆይቶ አየው።

"እጅህ የተባረከ ነው። ስምንተኛ ጨርሰሃል?"

"የለም።"

"ሰባተኛስ?"

"የለም ጌታዬ። ዳዊት ደግሜአለሁ።"

አንድ ቅጽ ወደ እኔ አዞረ። "እስቲ ዳዊትህን የቱ ላይ ልሙላልህ? አንተው አሳየኝ።"

እያፌዘብኝ አልነበረም። እኔም የምሬን ፈለግኩ። መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ፤ ዳዊት የሚገባበት ቦታ የለም።

"አላገኘሁትም" አልኩት።

"እኔም አላገኘሁትም ወንድሜ" አለ። ማመልከቻዬን ግን አልመለሰልኝም፤ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ያ መሳቢያ አሳሳተኝ። ካልፈለገው ለምን ያስቀምጠዋል ብዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም እያደርኩ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በአራተኛው ቀን የተመረጡት ስም ተለጠፈ። ከላይ ወደ ታች አነበብኩት፤ ደግሞ ከታች ወደ ላይ።

በሳምንቱ ቆላ ወረድኩ። ወባው አልገደለኝም። የእናቴን መርዶ የሰማሁት እዚያው ሰሊጥ መሀል ሆኜ ነው፤ ከተቀበረች ወር አልፏታል። ከሰባት ክረምት በኋላ ስመለስ ጣቴ ብርዕ ሲይዝ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውየውን ጠልቼው አላውቅም። ጽሑፌን ወዶታል። መውደዱ ግን ምንም አላደረገልኝም፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው።

"አባባ" አለች ማስተዋል ከግፊያው ወጥታ፤ ቅጽ ይዛለች። "ዲግሪው ይበቃል። ግን ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል። ላስገባ?"

ያኔ የጎደለኝ የትምህርት ወረቀት ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ልጆቼንም የልጅ ልጆቼንም ለወረቀት ነው ያሳደግኳቸው። ይኸው፣ እሷ አላት። ተይው እንዳልላት ሌላ ምን አሳያታለሁ? አስገቢ እንዳልላት ደግሞ መልሱን አውቀዋለሁ።

"አስገቢ ልጄ" አልኳት።

የምትጽፍበት ጠረጴዛ ስላልነበረ ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። ፋይሏን ዘርግታ መሙላት ጀመረች። ስሟን ጻፈች፣ የትውልድ ቦታዋን ጻፈች፤ እስክሪብቶው ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ልምድ የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመ። መቆሙ ጀርባዬ ላይ ታወቀኝ። ቀና ሳልል ጠበቅኋት።