አምስት መቶ ላይ ነው፤ አትንኪው

ባጃጅ ከኋላዬ ሲመጣ በሰማሁ ቁጥር ግራ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ይጨፈናል፤ ትንፋሼንም እይዛለሁ። እዚህ ጎንደር ያሉ ጎረቤቶቼ ዓይኔን የሚያመኝ ይመስላቸዋል። አያመኝም። ካርቱም እያለን ረክሻ የምንለው ያው ባለሦስት እግር ነው ፎቶ ማንሳት ያስተማረኝ፤ አባቴ አይደለም። ይህን በማለቴ ማንም አይቆጣኝ፤ እሱም ያውቀው ነበር።

አባቴ ሱቅ ዐረቢ ገበያ አጠገብ፣ ከአንድ ሻይ ቤት በላይ፣ ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረው። ክፍሉ የጋለ አምፖልና የላብ ሽታ ነበረው። ለኢቃማ፣ ማለትም ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ጉርድ ፎቶ የፈለገ አበሻ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። "አትንቀሳቀሱ!" ሲል ድምፁ ታች ደረጃው ድረስ ይሰማል። ሠርግ ሲጠራም ካሜራውን አምስት መቶ ላይ አድርጎ ይሄዳል፤ የካሜራው ዓይን የሰከንድን አምስት መቶኛ ያህል ብቻ ተከፍቶ ይዘጋል። በዚያ ፍጥነት የሚንቀሳቀስ ሁሉ ቀጥ ይላል። እስክስታ የሚመታው ሰው ግን ትከሻው ጆሮው ሥር ተሰቅሎ ይቀርና የበረደው ይመስላል። በካርቱም ሙቀት ብርድ! የሰፈራችን አበሻ የሠርግ አልበም በሙሉ እንዲህ ብርድ ላይ ነበር።

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ መስኮቱ ላይ ቆሜ የሚያልፉትን ረክሻዎች አነሳለሁ። አምስት መቶ ላይ ረክሻው የቆመ ነው፤ ጎማው እንኳ አይዞርም። ሠላሳ ላይ፣ የካሜራው ዓይን ረዘም አድርጎ ሲያይ፣ ጭስ ሆኖ ያልፋል። ስንት ቀን ተናደድኩ! አንድ ቀን ግን ከረክሻው ጋር አብሬ ወገቤን እያዞርኩ የካሜራውን ቁልፍ ጫንኩት። ሹፌሩ ጥርት ብሎ፣ ከኋላው ያለው ገበያ ሁሉ እየፈሰሰ ወጣ። በደስታ ጮህኩ። አባቴ ቀና ብሎ አየና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን ኦምዱርማን ሠርግ ተጠራን። አባቴ ሁለተኛዋን ካሜራ አንገቴ ላይ እያጠለቀልኝ "አምስት መቶ ላይ ነው፤ አትንኪው" አለኝ። እሺ አልኩ። የሙሽራዋ እናት፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ዐሥራ አምስት ዓመት ሰው ቤት የሠሩ ሴት፣ መሃል ገብተው ትከሻቸውን ሲለቁት ግን እጄ አላስችል አለው። ወደ ሠላሳ አወረድኩት። እስክስታ የሚያውቅ ሰው ፊቱ ይረጋል፤ የሚሄደው ትከሻው ነው። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ጫንኩ።

"የሰው ሠርግ አበላሸሽ!" አለ አባቴ ፎቶውን ሲያየው። "ከእንግዲህ ካሜራ አትነኪም፣ ኸላስ፣ በቃ!"

ያችን ፎቶ ከሌሎቹ ለይቶ ሳትታተም አስቀራት። እኔ ደግሞ ሳያየኝ አሳትሜ የሠርጉ ፎቶዎች ያሉበት ፖስታ ውስጥ ከተትኳት። የሙሽራዋ እናት ፎቷቸውን ሊወስዱ መጥተው እዚያው ቆመው ማገላበጥ ጀመሩ። ያቺ ፎቶ ላይ ሲደርሱ ወደ ብርሃን አስጠጓት።

"ደ ሹኑ? ምንድን ነው ይሄ? ይቺ እኔ ነኝ? ወላሂ፣ ትከሻዬ እየሄደ ነው እኮ!"

"ማሌሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ አባቴ። "ልጅቷ ናት፤ ገና አልቻለችም።"

ደሜ ፈላ። "እስቲ አንተ ሠላሳ ላይ አንሳ!" አልኩት፣ በሰው ፊት። "ያላ፣ አባዬ! አልንቀሳቀስም፣ አትፍራ።" ካሜራውን ሠላሳ ላይ አድርጌ እጁ ላይ አስቀመጥኩና እንደ ደንበኛ ግድግዳው ሥር ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ጫነው።

ካሜራው ጀርባ ላይ ባለው መስኮት ሦስታችንም አየነው። ፊቴ የለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሁለት ሦስት ሆኗል።

"እንዴ፣ ግድግዳውንም አስጨፈሩት!" ብለው የሙሽራዋ እናት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እጁን አየሁት፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዳየሁበት ሲያውቅ ብብቱ ሥር ደበቀው። ለካ ስንት ዓመት መንቀጥቀጡን የማያሳየው አምስት መቶ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሴትዮዋ ፎቷቸውን ይዘው ከወጡ በኋላ አባቴ ቀና ብሎ ሳያየኝ "ከዛሬ ጀምሮ ሠርጉ ያንቺ ነው" አለኝ። "ለኔ ጉርዱ ይበቃኛል።" ከዚያም "አሁን ያነሳሁትን ግን አጥፊው" አለ።

አላጠፋሁትም። ሠላሳ ላይ በማድረጌ ዛሬም አልጸጸትም፤ በሰው ፊት በማድረጌ ግን እስካሁን ያመኛል። አባቴ የሱዳኑ ጦርነት ሳይነሳ እዚያው ካርቱም ሞተ፤ መቃብሩን እንኳ ሄጄ ማየት አልቻልኩም። እሱ ያነሳኝ ሌላው ፎቶ ሁሉ ለወረቀት የተነሳሁት ጉርድ ነው፤ ማንም ሊያነሳው ይችል ነበር። ይህኛውን፣ የእጁ መንቀጥቀጥ ያለበትን፣ ግን አሳድጌ ሳሎኔ ውስጥ ሰቀልኩት። አውርጂው የሚሉኝ አሉ፤ አላወርድም። እንግዳ ሲመጣ ቀረብ ብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ ያየውና "ይሄ ማነው?" ይለኛል።

"አባቴ ነው" እላለሁ።