ሦስት ጊዜ የወጣ ዕጣ

ነገሩ በጠቅላላው ያስከፈለኝ ይህ ነው፤ አራት የወጣትነት ዓመት፣ ደጃፌ ድረስ የመጣ አንድ የሱቅ ሥራ፣ እና ሰይድ የሚባል አብሮ አደጌ። ገንዘብ አላወጣሁበትም። ገንዘብ ቢሆን እስካሁን ረስቼው ነበር፤ ነጋዴ ነኝ፣ የከሰረ ገንዘብ እንዴት እንደሚቀበር አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሳዑዲ፣ ደማም ውስጥ አንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ገባሁ። የገባሁት ልገዛ ሳይሆን ዋጋ ልሰልል ነው። በሩ ላይ ሪባን የታሰረለት ነጭ መኪና ቆሟል፤ ዕቃ የገዛ ሁሉ ሒሳብ ሲከፍል ማሽኑ የዕጣ ቁጥር ያትምለታል። ከፊቴ የማዳሟን ዕቃ በጋሪ የምትገፋ ያገራችን ልጅ ነበረች። አራት ኩፖን ደረሳት፤ ቁጥሮቹ ተከታታይ ናቸው። ፊቷ ጠቆረ።

«ቀይርልኝ» አለችው ገንዘብ ተቀባዩን በዓረብኛ። «ተከታትሎ የመጣ ቁጥር አይወጣም።»

«ኮምፒውተሩ ነው የሚሰጠው፣ እኅቴ። እኔ አልመርጥም።»

ወደ እኔ ዞር አለች። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ደህና ቁጥር ቢሰጡኝ ምን ይጎድልባቸዋል?»

«ደህናውም መጥፎውም ዕድሉ እኩል ነው፣ ልጄ።»

«እኩል!» ብላ ሳቀችብኝ። «እዚህ አገር እኩል የሆነ ነገር አይተው ያውቃሉ?»

አይቻለሁ ልላት ስል ጋሪዋን እየገፋች ሄደች። እኔ ግን እውነቴን ነው፤ ፍጹም እኩል የሆነ ነገር አይቻለሁ። ያውም በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አል ኹበር አል-ጀኑቢያ ውስጥ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ባለች ክፍል ስድስት ሆነን እንኖር ነበር። ሁላችንም በሥራ ቪዛ ገብተን ከካፊሎቻችን፣ ማለት በስማቸው ካስገቡን አሠሪዎች፣ የጠፋን ነን፤ በመንግሥት መዝገብ «ሁሩብ» ማለትም ኮብላይ ተብለናል። እኔ የመጣሁት ለበግ ጠባቂነት ነበር። በጎቹ ጥላ ነበራቸው፣ እኔ አልነበረኝም፤ ስለዚህ በጎቹን ትቼ ጠፋሁ። ከዚያ ወዲህ ካልሲና የስልክ ካርድ በከረጢት ይዤ በየሕንፃው ሥር አዞራለሁ። የፖሊስ መኪና ሲታየኝ ከረጢቱን ጥዬ የምሮጥበት ቀን ከምሸጥበት ቀን ይበዛ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው የመናዊ ባለሱቅ አመሌን ወዶታል፤ «ኢቃማ ይዘህ ና እንጂ ባንኮኒው ያንተ ነው» ይለኛል። ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ወረቀት ነው። እንደ እኛ ላለ ሰው ግን በቀን አደባባይ መሄጃ እግር ነው።

ያን ሰሞን ምሕረት ታውጆ ነበር። አዲስ ካፊል ያገኘ ወረቀቱን ያስተካክላል፤ ያላገኘ ወይ ይወጣል ወይ ይደበቃል። የኹበር ሙቀት የከፋበት ወቅት ነው፤ የባሕሩ ወበቅ መስኮቱን ከውጭ በኩል ያስለቅሰዋል፣ ከገመድ ላይ የወረደ ልብስ ካሰጡት ጊዜ ይልቅ ርሶ ይገኛል። ከስድስታችን በዕድሜ የሚበልጠው ሼህ ይማም፣ በደማም ኢንዱስትሪ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ በድብቅ ዕቃ ይጭን ነበር። ሐሙስ ማታ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተናገረ።

«ያ ጀመዓ፣ የመጋዘኑ ጌታ አቡ ፈሃድ የአንድ ሰው ቦታ አለኝ ብሏል። ከእናንተ አንድ ሰው እስከ ቅዳሜ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ላክልኝ፣ በስሜ አዛውሬ ኢቃማ አወጣለታለሁ ብሏል።»

ይማም ዝም ብሎ ለራሱ መውሰድ ይችል ነበር። ቤት ይዞት መጣ። በሕይወቴ ካየሁት ሐቅ ትልቁ እሱ ነው፤ ካየሁት ስሕተትም ትልቁ እሱ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ አንድ ትሪ ከብሳ አስመጣን። ሩዙ መሐል አንዲት ዶሮ ብቻ ነበረች፤ እሷን ያለ ጭቅጭቅ ለስድስት ተካፈልናት። ከዚያ ዕጣ ይጣል ተባለ። እንድሪስ የሚባለው ልጅ ደነገጠ፤ «ሎተሪ ሐራም አይደለም እንዴ?»

«ቁማር ማለት የራስህን አስይዘህ የሰው ስትበላ ነው» አለ ይማም። «ይሄ ቁርዓ ነው። ለማይቆረስ ነገር ዕጣ ይጣላል፣ ነውር የለበትም።»

ከአንድ እስከ ስድስት በቁራጭ ወረቀት ጻፍኩ። ማን የትኛውን ቁጥር እንደሚይዝ ገና ሳንስማማ ጠብ ተነሳ። አንድ ቁጥርን ሁሉም ፈለገው፤ ስድስትን የነካ የለም፣ ጣሳው ውስጥ ከሥር የሚቀር መስሏቸዋል። ስለዚህ ዕጣ ለመጣል መጀመሪያ ለቁጥሩ ዕጣ ጣልን። አራት ደረሰኝ። ወረቀቶቹን አጣጥፌ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጨመርኩ። ዕጣውን የሚያወጣው የማንም ወገን ያልሆነ ሰው ይሁን ተብሎ ከታች ባንጋሊውን ፀጉር አስተካካይ ጠራነው። የዶሮ ዕጣ መስሎት እየሳቀ ወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ሰደደ።

አራት።

የየመናዊው ባንኮኒ፣ ሚዛኑ፣ ከመጋዘን መልስ ማታ ማታ ጀርባዬን ሰጥቼ የምቆምበት መደርደሪያ ሁሉ ፊቴ ድቅን አለ። ሰይድ ግን ተነሳ። ሰይድና እኔ ኮምቦልቻ አንድ ሰፈር ያደግን፣ አንድ ደብተር ለሁለት የተማርን ነን።

«ቆይ፣ ቆይ። ወረቀቱን የጻፈ ማነው? ሙሔ። ያጠፈው ማነው? ሙሔ። የወጣለትስ?»

«ባንጋሊው ዓይኑን ጨፍኖ እኮ ነው ያወጣው!» አልኩ።

«ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱንስ ጨፈነ?»

ቤቱ ሳቀ። ሳቁ ነው የጎዳኝ። «ይደገም የሚል እጅ ያውጣ» አለ ሰይድ። አራት እጅ ወዲያው ወጣ። ይማም መሬት መሬት ሲያይ ቆየና እሱም አወጣ። አልፈርድበትም፤ ቤቱ አምስት ልጅ አለው።

ለሁለተኛው ወረቀቱን ባንጋሊው በራሱ መቀስ እኩል እኩል ቆረጠው፤ የጻፈው እንድሪስ ነበር። የወጣውም የእንድሪስ ቁጥር ሆነ። አሁን ማን ዝም ይበል! «የጻፈው እሱ፣ የወጣለት እሱ!» ተባለ። እጅ ወጣ። የመጀመሪያው እጅ የኔ ነበር።

ለሦስተኛው ወረቀት ይቅር ተባለ። በልተን የተፋነውን ስድስት የተምር ዘር ከትሪው ጠርዝ ለቅመን አንዷን በከሰል አጠቆርን፤ ባንጋሊው ዓይኑን ጨፍኖ ለእያንዳንዳችን በጭብጣችን አንድ አንድ አስያዘን። ጭብጣችንን ስንከፍት ጥቁሯ ሰይድ መዳፍ ላይ ናት።

«አልሐምዱሊላህ! ኸላስ፣ አበቃ!» ብሎ ጮኸ።

«አሁን ነው ኸላስ የመጣው?» አለ እንድሪስ።

ሰይድ ሌላውን ሁሉ ትቶ እኔን አየኝ። «ሙሔ፣ አንተ እንኳ…»

«እጅ ማውጣት ያስተማረን ማነው?» አልኩት። አወጣሁ።

ያን ቀን የገባኝን ነገር በነፃ ልንገራችሁ። ስድስት ሰው ዕጣ ከጣለ አንድ የደረሰው፣ አምስት ያልደረሳቸው ይኖራሉ። ይደገም ወይስ አይደገም ተብሎ እጅ ከተቆጠረ አምስቱ ሁልጊዜ ያሸንፋሉ። የፈለግከውን ጣሳ አምጣ፣ ከሰማይ ያወረድከው ሰው ያውጣው፣ ለውጥ የለውም። ሰው ዕጣው ትክክል አይደለም ሲልህ፣ አልደረሰኝም ማለቱ ነው።

ሰይድና እንድሪስ ተያያዙ። ባንጋሊው ጣሳውን አስቀምጦ «ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው፣ እኔ ከእንግዲህ እጄን አላስገባም» ብሎ ወረደ። ይማም ሌላ ገለልተኛ ሰው ነገ ይፈለግ አለ። ቅዳሜ ግን ሰው ፍለጋ የሚወጣ ጠፋ፤ የወጣው ቀድሞ አቡ ፈሃድ ዘንድ እንዳይደርስ ሌላው በሩን ይጠብቃል። በመጨረሻ የተስማማንበት ብቸኛ ነገር ሁላችንም አብረን እንሂድ የሚል ነው። አንድ ፒክአፕ ተከራይተን፣ ስድስት ሁሩብ ከኋላ ተጭነን፣ የኢንዱስትሪ ከተማውን አቧራ ስንቅም መጋዘኑ በር ላይ ደረስን። የዙሁር አዛን ብሎ ነበር።

አቡ ፈሃድ ወጥቶ አየን። ክፉ ሰው አልነበረም።

«አንድ ሰው ነበር ያልኩት» አለ።

ይማም ዕጣውን፣ ጣሳውን፣ ባንጋሊውን ሊያስረዳው ሞከረ። ሰውየው በትዕግሥት ሰማና፣ «ከስድስት ሰው አንድ መምረጥ ያቃታችሁ፣ መጋዘኔ ውስጥ አንድን ካርቶን ከሌላው ትለያላችሁ?» አለው። ወደ ውስጥ ገባ። በማግሥቱ ቦታው ለአንድ ፓኪስታናዊ ሹፌር እንደተሰጠ ሰማን። ያ ሹፌር ዕጣ አልጣለም፤ ብቻውን ነው የሄደው።

ምሕረቱ ሲያበቃ አፈሳው መጣ። ይማምንና እንድሪስን ከመንገድ ላይ ለቀሟቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ተስፋ ቆርጠው እጃቸውን ሰጡ። እኔ ሌላ ምሕረት እስኪመጣ አራት ዓመት በየጣሪያው ተደብቄ ኖርኩ፤ በኹሩጅ፣ በመውጫ ቪዛ ወጥቼ በደህና ቪዛ ተመለስኩ። የመናዊው ያን ጊዜ ሱቁን ሸጦ አገሩ ገብቷል። ሰይድም ያኔ በአፈሳው ተይዞ አገር ቤት ተመለሰ። ኮምቦልቻ ወር እንኳ አልቆየም፤ በጅቡቲ በኩል በጀልባ ተነሳ አሉ። ባሕሩን ተሻገረ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እናቱ በስልክ ባገኘችኝ ቁጥር «እዚያ አላየኸውም?» ትለኛለች። ኹበር ጠባብ መስሏት።

ዛሬ የራሴ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ዕቁብ ስገባ የመጨረሻውን ተራ ያለ ዕጣ እወስዳለሁ፤ ሰዎቹ ደግነት ይመስላቸዋል። ደግነት አይደለም። ዕጣን አምነዋለሁ፣ በዙሪያው የሚቀመጠውን ሰው ነው የማላምነው፤ ከሰዎቹም አንዱ እኔ ነኝ። ከሦስቱ ዕጣ በየትኛውም ላይ ብናቆም፣ እኔ፣ እንድሪስ ወይ ሰይድ፣ አንዳችን ያን ጊዜውኑ ባለኢቃማ የመጋዘን ሠራተኛ ይሆን ነበር።

ስድስት ሰው፣ አንድ ኢቃማ፣ ሦስት ባለዕጣ። ለማንም አልደረሰም።