የነጃት ስም ያለበት የኔ ስህተት

ዛሬ ጠዋት ከጂማ ተደውሎ «ነጃት አረፈች» ሲሉኝ «የትኛዋ ነጃት?» አልኩ። የማውቃት ነጃት አንድ ብቻ ናት። ሌላ እንድትሆንልኝ ነው የጠየቅኩት።

ለማታውቋት፣ ነጃት ጂማ፣ ቦሳ አዲስ የሚባለው ሰፈር ልጅ ናት፤ የቡና ገበሬዎች የሚመዘገቡበትን ድረ ገጽ አብረን የሠራን ፕሮግራመር። ገጾቹን ለአራት ተከፋፍለን ነበር። ሁሉም ገጽ የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር አለበት። ነጃት ይህን ኮድ አንድ ፋይል ላይ ጻፈችና «ሁላችሁም ከዚህ ጥሩት፤ ገጻችሁ ሲሠራ ከኔ ፋይል ያንብበው» አለችን። ኮፒ ስናደርግ ከያዘችን እየሳቀች፦

«አቦ ጥራው፣ አትገልብጠው! ሲታመም አንድ ቦታ ላክመው።»

እኔ ገለበጥኩት። በዕድሜ እበልጣታለሁ፣ የሷን ፋይል ደጅ አልጠናም ብዬ። ያውም ከነስሟ፤ አናቱ ላይ «የጻፈችው፦ ነጃት» የሚለውን እንኳ ሳላነሳ።

በኋላ ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበትን ዓመት መርሳቷ ትዝ ሲላት አስተካከለች። ፋይሏን የሚጠሩት ገጾች አብረው ዳኑ። የኔ ግልባጭ አምስት ላይ ቆሞ ቀረ።

የዚያ ዓመት ምዝገባ የሚዘጋው ጳጉሜ ስድስት ነበር። አጋሮ ላይ፣ ከገጠር በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው «ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል» ተብለው ተመለሱ። አንድ አዛውንት «ታዲያ ዛሬ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ።

ግምገማ ተጠራ። ኃላፊው ኮዱን አስከፍቶ ስሟን አነበበና «ያንቺ ነው?» አላት። ገጹ የማን እንደሆነ ታውቃለች። ዞራ አየችኝ፣ ጠበቀችኝ። እኔ ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ።

«ስሜ አለበት፣ የኔ ነው» አለች።

ከሥራ አባረሯት። ከዚያ በኋላ ጂማ በሄድኩ ቁጥር በቾ ቦሬ ሰፈር ኮምፒውተር ስትጠግን አገኛት ነበር። «አካም ጂርታ? እናትህስ ደህና ናቸው?» ትለኛለች። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ ስል ዓመታት ሄዱ። አፍሬ ነው። ፈሪም ስለሆንኩ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ «ጎበዝ ነበረች፣ ያቺ ስህተት ባትኖርባት» እያላችሁ ስትጽፉ እያየሁ ነው። ተዉ፣ አልነበረባትም።

ነጃትዬ፣ ያን ቀን ዓይንሽ የጠበቀውን ይኸው ሰው ሁሉ እየሰማ እላለሁ፤ የኔ ነው። እንዳትሰሚኝ አድርጌ ነው የዘገየሁት። አላህ ጀነት ያግባሽ። ስምሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ስህተቱን ለኔ ተዪው።