መስፉ ሳይንኳኳ

ሰፈሩ «ነጎድጓድ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት መዶሻው ብቻ አይደለም፤ ምላሱና ጥፊውም አግዘውታል። ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ብረት ሲያጣ ሰው የሚቀጠቅጥ።

ከሁሉም አብልጦ ዱላውን የቀመሰው ልጁ ነው። አባት በግራ እጁ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ፣ በቀኙ በትንሿ መዶሻ የሚመታውን ቦታ ነካ ያደርጋል፤ ልጅ ትልቁን መዶሻ እዚያው ላይ ያሳርፋል። አባት ብረቱ የተጋደመበትን መስፍ ባዶ ቦታውን በትንሿ መዶሻ ካንኳኳ ልጅ ያቆማል። ካላንኳኳ ሰማይ ቢደፋም ማቆም የለም። አንዴ በራሱ ፈቃድ ቢያቆም በጉጠቱ ሁለት ጥርሱን አርግፎለታል፤ ጨካኝ ነበር፣ ምን ይደበቃል።

ዘንድሮ እጁ እምቢ አለው። ልጁ ሐኪም ቤት ወሰደው፤ ሐኪሟም በትዕግሥት አስረዳችው፦ «አባቴ፣ አንጎላችን ውስጥ ትእዛዝ የሚያቀባብል ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል አለ። በዕድሜ የማይቀንስበት ሰው የለም፤ የእርስዎ ግን ከልክ በላይ ተመናምኗል። እርስዎ ሲያዙት እጅዎ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ ከመዶሻ ግን ይራቁ።»

«የሰነፍ መልእክተኛ መድኃኒቱ ዱላ ነው!» ብሎ ጠረጴዛዋን በጡጫ ነረተው። ብርጭቆዋ ወድቃ ተሰበረች።

መቀጥቀጫው ቤት ሲደርሱ ልጁ ፈራ ተባ እያለ፣ «አባባ፣ ጉጠቱን እኔ ልያዘው» አለ።

አንገቱን አነቀው። «በቁሜ ልትወርሰኝ? ይህን መጥረቢያ ካልጨረስኩ ያኔ ውሰደው!»

እውነቱን ለመናገር፣ አባት ፈርቶ ነበር። ያለ ጉጠት እሱ ማን ነው?

ብረቱ ቀላ። መጀመሪያ ላይ ምቱ ሰመረ። ኋላ ግን ብረቱ ከጉጠቱ አፍ ተንሸራተተና ግራ እጁ መስፉ ላይ ተጋደመ። አየው። ግራውን «ተነሽ» አላት፣ ቀኙን «አንኳኪ» አላት። ሁለቱም ዝም። አፉም ተያዘ።

ልጁም የአባቱን እጅ አይቷል። ግን መስፉ አልተንኳኳም። ምላሱ ጥርሶቹ የጎደሉበትን ቦታ ዳሰሰ፤ መዶሻውንም አወረደው።

አጥንቱ እንደ ጭራሮ ተንኮሻኮሸ። ደሙ የጋለው ብረት ላይ ተንጨረጨረ።

«ለምን አላቆምክም?» ሲል አጓራ፣ አፉ ሲፈታለት።

«አላንኳኩማ አባባ! አላንኳኩም!»

ነጎድጓድ መሬት ላይ ተዘረፈጠ። የተጨፈለቀ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ልጁ ፊት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «አንኳኩቼ ነበር እኮ» አለ። «እመነኝ ልጄ፣ አንኳኩቼ ነበር።»