የጃርት ጉድጓድና ጠላቴ የያዘው ገመድ

ነሐሴን የማይጠላ የላስታ ገበሬ ካለ፣ ጎተራው ሙሉ የሆነ ብቻ ነው። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፣ የአምናው እህል አልቋል፣ ጉሙ ከአሸተን ማርያም ተራራ ወርዶ ደጅ ላይ ይተኛል። ያን ዓመት ቤተሰቤን ለአዝመራ የሚያደርስ አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ ዘሩን ከፍላቂት ገበያ ተሸክሜ ያመጣሁት ድንች። እሱንም ጃርት ጀመረብኝ።

እናንተ ልጆች፣ ጃርት እሾኹን እንደ ቀስት ይወረውራል ስትሉ እሰማለሁ። ውሸት ነው። ጀርባውን ይሰጣችሁና የኋሊት ይሮጥባችኋል፤ እሾኹ ሥጋችሁ ውስጥ ይቀራል፣ እሱ መንገዱን ይቀጥላል። ቀን ከሚስቱ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ሲመሽ ይወጣል። ድንቹን ፈልፍሎ አንዱን ይበላል፣ ሌላውን ነክሶ ይጥላል። ይቺን ነው ይቅር የማልለው። ርቦት ቢበላ እሺ፤ ነክሶ መጣሉን ምን ይሉታል?

ጠዋት ዱካውን ተከተልኩ። የሕፃን መዳፍ የመሰለ እግር፣ ረጅም ጥፍር፣ በግራና በቀኝ እሾኹ ጭቃውን የጫረበት መስመር። ማሳዬን ጨርሶ ቀጥ ብሎ የገባው የት መሰላችሁ? ደምለው ማሳ!

ደምለው ወሰንተኛዬ ነው። ደርግ ወድቆ መሬት እንደገና ሲደለደል በመካከላችን የተተከለውን የድንበር ድንጋይ ገፍተሃል እለዋለሁ፤ የገፋኸውስ አንተ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። የመንደራችን ደንብ ግን ደንብ ነው፤ የጃርት ዱካ ያለፈበት ማሳ ባለቤት ገመድ ይይዛል። አንዱ እግሩን ታስሮ ጉድጓድ ይገባል፣ ሌላው ደጅ ሆኖ ገመዱን ይዞ ይጠብቃል፤ ሁለቴ ሲወዘወዝ ይስባል። እንግዲህ ነፍሴን ለደምለው አስረክቤ ልገባ ነው።

ደጁ ቆሜ ጠራሁት። ወጥቶ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ጃርት ነው። በማሳህ አልፏል» አልኩት።

«ከሰው ሁሉ መርጦ ያንተን ድንች! መቼም ጃርትም ሰው ያውቃል» አለና ገመዱን አንስቶ ተከተለኝ።

ጉድጓዱ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከወይራ ሥር ነበር። ደጁ ላይ የተጋጠ አጥንት ተበትኗል። አጥንት አይታችሁ የጅብ ቤት ነው ብላችሁ አትሽሹ፤ ጃርት ጥርሱን የሚሞርደው በአጥንት ነው። ያኔ ልማዳችን ከጉድጓዱ ሁለት አፎች የላይኛውን በድንጋይ ደፍኖ በታችኛው መግባት ነበር፤ እንዲያው አደረግን። በርበሬ አጨስን፤ እንጨቱ ረጥቦ ጭሱ እኛኑ አስለቀሰን። መግባት ግድ ሆነ። ግራ እጄን በአጎዛ ጠቀለልኩ፣ ባትሪዬን በሻሽ ግንባሬ ላይ አሰርኩ፣ አጭር ጦር ያዝኩ።

«ሁለቴ ስወዘውዝ ሳብ።»

«ሰምቻለሁ፤ ግባ» አለኝ። ፊቱን እንኳ አላዞረም።

በሆዴ እየተሳብኩ ገባሁ። ትከሻዬን አፈሩ ይፍቀኛል፣ ከላይ ጭቃ ይንጠባጠብብኛል። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ሰማሁት፤ ቅል ውስጥ ያለ ደረቅ ባቄላ ሲናጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ጅራቱን ነው የሚያራግፈው። ቀጥሎ መሬቱን በእግሩ ደበደበ። በባትሪዬ ብርሃን የታየኝ ጉድጓዱን የሞላ ጥቁርና ነጭ እሾኽ ብቻ ነው፤ የምወጋው ራስ የለም። ጦሬን ሳልሰነዝር መጣብኝ። እሾኹ አጎዛውን በስቶ ክንዴ ውስጥ ገባ፣ አንዱ ከቅንድቤ በላይ ተሰካ፣ ባትሪዬም ወልቆ ወደቀና ጠፋ። ፈቀቅ ይላል፣ ደግሞ ይመጣል። የሚቀጥለው ዓይኔ እንደሆነ ገባኝ። ፈራሁ፤ ምን ልዋሻችሁ።

ገመዱን ሁለቴ ወዘወዝኩ። ምንም የለም። ደግሜ ወዘወዝኩ። ጭራሽ ላላ። ደጅ ያለው ሰው ለቆታል!

እዚያ ጨለማ ውስጥ ደምለውን እስከ ሰባት ቤቱ ረገምኩት። «ለአንድ ድንጋይ ብለህ ገደልከኝ!» ብዬ ጮህኩ። ጃርቱ ተመልሶ ሲመጣ ፊቴን ጭቃ ውስጥ ቀበርኩ።

ያን ጊዜ ከጃርቱ ማዶ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማኝ። ብርሃን ገባ፣ ቀዝቃዛ ነፋስም ተከተለ። ጃርቱ ቀጥ አለ። ከዚያ ሚስቱን አስከትሎ ወደ ብርሃኑ ሮጠ።

የኋሊት እየተሳብኩ ወጣሁ። ደምለው ከላይኛው አፍ እየወረደ ነው፤ የደፈንነውን ድንጋይ በእጁ ሲነቅል ጥፍሩ ተሰባብሮ ጣቶቹ ይደማሉ።

«ገመዱን ለቀቅከው!» አልኩት።

«ለቀቅኩት። ብስብህ እየተከተለ ዓይንህን ያወጣው ነበር። መውጫ አጥቶ እኮ ነው።»

«ድንቼስ? ሁለቱም አመለጡ!»

«ድንችህን በየትኛው ዓይንህ ልታየው ነበር?» አለና እሾኹን ከቅንድቤ ላይ መንጭቆ ነቀለው። ሆን ብሎ እንዳሳመመኝ እምላለሁ።

ገብሱ እስኪደርስ እሱ ከወሰኑ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ጎጆ ቀልሰን ማሳችንን ጠበቅን። እንዴት አደርክ አልተባባልንም። የተረፈው ድንች ግን ቤተሰቤን ለአዝመራ አደረሰ።

ክንዴ ውስጥ የቀረው የእሾኽ ስባሪ ዝናብ ሊመጣ ሲል አሁንም ይጠዘጥዘኛል። ከዚያ ወዲህ የጃርት ጉድጓድ አፉን ሁሉ አልደፍንም፤ መውጫ ያጣ አውሬ በእናንተ ላይ ነው የሚወጣው። የድንበሩ ድንጋይ ነገር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ባለፈው ሰሞን እንኳ ተሰዳድበንበታል። ብቻ ጉድጓድ ስገባ፣ ገመዱን ከደምለው በቀር ለማንም አልሰጥም።