ሰሌዳውን አልመልስም

ሃያ ዓመት ቬጋስ ካዚኖ ሆቴል ውስጥ የሰው አልጋ አነጠፍኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን በኮሪደሩ ከሚያልፈው ሰው ቀና ብሎ ያየኝ በጣት ይቆጠራል። ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ ጡረታ ወጣሁ። ቤት መቀመጡ ሲያንገፈግፈኝ ደግሞ፣ ሲልቬራዶ ራንች በሚባለው ሰፈር ከምንኖርበት ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ካለው ትምህርት ቤት አጠገብ ተማሪ አሻጋሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቢጫ ሰደርያ አለበሱኝ፤ «ስቶፕ» የሚል ቀይ ሰሌዳ አስጨበጡኝ። ያንን ሰሌዳ ከፍ ሳደርግ የማይቆም መኪና የለም። ሀብታሙም ደሃውም፣ የቸኮለውም ያልቸኮለውም እኔ በቃ እስክል ይጠብቃል። እውነቱን ልናገርና፣ ሥራዬ ልጆች ማሻገር ይሁን እንጂ ልቤን የማረከው መኪና ማስቆሙ ነው።

አብሬያት የምኖረው ልጄ ግን ሥራውን አልወደደችልኝም። ነርስ ናት፤ ሌሊቱን ወድቀው የተሰበሩ ሽማግሌና አሮጊት ስታስታምም ነው የምታድረው። ባለፈው ዓመት ሻወር ቤት አዳልጦኝ የእጄ አንጓ ተሰበረ፤ ጄሶው የተፈታልኝ ቀን አስማለችኝ። ሁለተኛ ከወደቅኩ ሰሌዳውን መልሼ ቤቴ ልቀመጥ። የሰበረኝ የገዛ ቤቷ ሻወር ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በመንገዱ ተላከከ። ቢሆንም ማልኩ፤ የማልኩትን ደግሞ አላፈርስም።

በጥር ወር ቴሌቪዥኑ ከሰሜን ዋልታ የተነሣ ብርድ ወደኛ በረሃ እየወረደ ነው ይል ጀመር። ሰፈሩ ተሸበረ። ጎረቤቶቻችን ውጪ ያለውን ቧንቧ በፎጣ ጠቀለሉ፣ አበባቸውን አንሶላ አለበሱ። እኔ ሳቅኩባቸው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ሜዳው በአመዳይ ነጥቶ ሲያድር፣ በዚያ ላይ እየሮጥን ነበር ትምህርት ቤት የምንሄደው። «የቬጋስ ሰው ደሞ ብርድ ያውቃል እንዴ? ለብርድ ከኔ ወዲያ ላሳር!» አልኩ። ልጄ ገዝታ ያመጣችልኝን ጓንት ጠረጴዛው ላይ ትቼው፣ የስምንት ዓመቷን የልጅ ልጄን እጅ ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ማዕዘኔ ላይ ደርሼ ገና ሰሌዳውን ሳላነሣ ጣቶቼን ቆፈን ያዛቸው። ነፋሱ በሹራቤ ገብቶ በጀርባዬ ይወጣል። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ስጠበስ ደብረ ብርሃንነቴ ተንኖ አልቋል ለካ። የልጅ ልጄ ኮፍያዋ ውስጥ ሆና አየችኝና የራሷን ጓንት ሳብ አደረገች። ይሄ አናደደኝ።

የባሰው ግን መሬቱ ላይ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ያለው ቤት የሣር ማጠጫው በሰዓት የተሞላ ነው፤ ብርድ መጣ ሙቀት መጣ ሳይል ጎሕ ሲቀድ ውሃውን ይረጫል። የተረፈው ውሃ ልጆቹ እስከሚሻገሩበት ዜብራ ድረስ ፈስሶ በረዶ ሆኖ ጠበቀኝ። በሩን ደጋግሜ አንኳኳሁ፤ ባለቤቱ ከገና በፊት እንደወጣ አልተመለሰም።

መላ አላጣም ብዬ ፔርሙዜን ከፈትኩ። አገር ቤት ቧንቧው በውርጭ ሲደርቅብን የፈላ ውሃ ነበር የምናፈስበት። ለሻይ የያዝኩትን የፈላ ውሃ በረዶው ላይ ከነበልኩበት። እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ በረዶው ሲቀልጥ «ይኸውልሽ!» ብዬ ወደ ልጅቷ ዞርኩ። ጉራዬን ሳልጨርስ ያው ውሃ ከቀድሞው የባሰ ልሙጥ ሆኖ ረጋ። አንድ እግሬን ባሳርፍበት ሌላው ወደ ሰማይ ሄደ። የመብራቱን ፖል ባላቅፈው ኖሮ መሐላዬ እዚያው ደርሶ ነበር። ያን ቀን ልጆቹን ዜብራውን ትቼ ራቅ ባለ በኩል አሻገርኳቸው፤ ሾፌሮቹም አጉረመረሙብኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ የልጅ ልጄን ለእናቷ እንዳትነግር ለመንኳት። እሺ አለችኝ። እናቷ በሩን ከመክፈቷ ግን፦

«ማሚ! አያቴ ኦልሞስት ወደቀች! ሆት ዋተር አፈሰሰች፣ ከዛ አይስ ሆነ፣ ከዛ ፖሉን ሃግ አደረገች!»

ልጄ አልጮኸችም። መጮህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እማዬ፣ ሲሪየስሊ ነው የምልሽ» አለችኝ። «ነገ ጠዋት ከሺፍት ስወጣ ቀጥታ አንቺ ጋ ነው የምመጣው። ያንን አይስ ካየሁት ሱፐርቫይዘርሽ ጋ ራሴ ኮል አደርጋለሁ።»

«አልወደቅኩም እኮ።»

«እስክትወድቂ አልጠብቅም።»

ክፍሌ ገብቼ ሰሌዳውን አልጋዬ ላይ አጋድሜ አየሁት። አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ? ከእሱ ወዲያ እኔ ማነኝ? እንደገና ማንም ቀና ብሎ የማያየኝ ሴትዮ ልሆን ነው።

እንባዬን እየጠረግኩ ሳለ እናቴ ትዝ አለችኝ። ክረምት ደጃፋችን በጭቃ ሲያዳልጥ አመድ ትነሰንስበት ነበር። ታዲያ የኛ ምድጃ በጋዝ ነው፤ አመድ ከየት ይመጣል? ነፋሱ ያን ጊዜ መስኮቴ ላይ አሸዋ በተነበት። ከትምህርት ቤቱ ማዶ ቤት ያልተሠራበት ባዶ መሬት አለ። ከዚያ የሚነሣው አሸዋ ዓይኔ ሲገባ፣ ሻዬ ውስጥ ሲዘንብ፣ ሥራ ከጀመርኩ አንስቶ ያልረገምኩት ቀን የለም። ብድግ አልኩና የልብስ ማጠቢያውን ባልዲ ፈለግኩ።

በማግስቱ ልጅቷን ከወትሮው ቀደም አድርጌ ቀሰቀስኳት። ጓንቱን አጠለቅኩ። ጋቢዬን ደርቤ ቢጫውን ሰደርያ ከላዩ አጠበቅኩ፤ ያበጠ በቆሎ መሰልኩ። ባልዲውንና አካፋውን አስቤዛ በማመላልስበት ጋሪ ጭኜ ሄድን። ማጠጫው ሥራውን ሠርቷል፤ ዜብራው ከትናንቱ ብሶ ያበራል። አሸዋው ግን ደረቅ ነው፤ ደረቅ ነገር ምኑ ይረጋል! አንድ ባልዲ ነሰነስኩ፣ ሁለት ነሰነስኩ፣ ሦስት። ወገቤ ተቃጠለ፣ ጉልበቴ ጮኸ፤ አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆኜ ስድስተኛውን ባልዲ ደፋሁት። የልጅ ልጄ በጫማዋ እየረገጠች ታዳርሰዋለች። ጨርሼ መሐል ገብቼ ቆምኩበት። አንድ ጊዜ ዘለልኩበት። ያዘ!

ከዚያማ ሰሌዳዬን አነሣሁ። ልጆቹ እየሮጡ መጡ፤ «ቀስ!» ብል ማን ሊሰማኝ። ትንሹም ትልቁም፣ ቦርሳው ከራሱ የሚበልጠውም ተሻገረ፤ አንድም አልወደቀም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መንገዱ እስከ ጥግ በመኪና ተሰልፎ፣ እኔ በጋቢዬ መሐሉ ላይ ቆሜ፣ ከንግሥት ማን አሳነሰኝ?

ደወሉ ሊደወል ሲል የልጄ መኪና መጣ። ማዶ ፓርክ አድርጋ፣ ስልኳን በእጇ ይዛ፣ ፊቷን አኮሳትራ ወረደች። የሆስፒታሉን ልሙጥ ጫማ እንዳደረገች ናት። ያቆመችው ከዜብራው አለፍ ብሎ፣ ውሃው ቦዩ ውስጥ ከረጋበት፣ አሸዋዬ ካልደረሰበት ቦታ ነው። «እንዳትረግጪ!» ብዬ ሳልጨርስ እግሯ ከሥሯ ሄደ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጉልበቴም አላስታወሰኝም። ጀርባዋ መሬት ሳይነካ ክንዷን አፈፍ አድርጌ ያዝኳት፤ በዚያ በተሰበረው እጄ! አንጓዬ ጠበቅ አለ እንጂ አልከዳኝም። ስልኳ በበረዶው ላይ ተንሸራቶ ጎማ ሥር ገባ። እሷ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ ልቧ ሲመታ ይሰማኛል።

ቀጥ አድርጌ አቆምኳትና ስልኳን አንሥቼ ሰጠኋት። በግራ እጄ እጇን ይዤ ወደ ዜብራው አመጣኋት፣ በቀኝ እጄ ሰሌዳዬን ከፍ አደረግኩ። መኪናው ሁሉ ቆመ። ያቺን የሠላሳ ስድስት ዓመት ነርስ እንደ ልጅነቷ እጇን ይዤ አሻገርኳት። ማዶ ልጇ እየዘለለች ታጨበጭባለች።

ዳር ስንደርስ ዞር ብላ አሸዋውን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ?»

«እኔና በረሃው።»

ስልኳን ኪሷ ከተተችው። ለማንም አልደወለችም። ባልዲውን አየች፣ ጋሪውን አየች፣ ጓንቴን አየች።

«ፎርካስቱ ነገም ፍሪዝ አለ ይላል» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከሺፍት እንደወጣሁ መጥቼ ባልዲውን እይዝልሻለሁ።»

«መጀመሪያ ጫማሽን ቀይሪ» አልኳትና ወደ መንገዴ ተመለስኩ።